እጥፋት

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ዶሮ ማነቂያ መሀል፣
ደረጃ ሥር ነበር ሱቄ፣ ቁመቴን እንኳ የማይችል፤
አንድ ሲንጀር፣ አንድ መቀስ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ፋኖስ፤
ሥራዬም ያው የሰፈር ነው፤ ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ማደስ።

በስልሳ ዘጠኝ ሰኔ ላይ ቀበሌው ጥሩምባ ነፋ፤
መጀመሪያ አሥር ነበሩ፣ ቀን በቀን ሰልፉ ሰፋ።
የኳስ ቡድኑ በሙሉ፣ ከበረኛ እስከ ተጠባባቂ፣
የልኳንዳው ሥጋ አውራጅ፣ የሲኒማው ትኬት ጠያቂ፣
ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ባለዕዳ ከአበዳሪው፣
ኤርገኖ ከነወንድሙ፣ ሙዘይን ሎተሪ አዟሪው።
«ሻለቃችሁ የሰፈር ነው፣ አትለያዩም» አሏቸው።
አብሮ መሄድ አብሮ መቅረት እንዳለው ማን ነገራቸው?

ዩኒፎርሙ ከመጋዘን በአንድ ልክ ተቆርጦ መጣ፤
ለግዙፍ ሰው የታሰበ፤ የኛ ልጅ ገብቶበት ታጣ።
ወገቡ ሁለት ሰው ይይዛል፣ እግሩ መሬት ይጠርጋል፤
እንዲህ ለብሶ እንኳን ጦር ሜዳ፣ ማን ደረጃዬን ይወርዳል?

ማታ በሬን አጣበቡት። እስኪነጋ ድረስ ሰፋሁ፤
ሜትሬን ከአንገቴ ሳልፈታ በደብተር እየጻፍኩ ለካሁ፦
አስጨናቂ፤ ወገብ ስልሳ ስምንት፣ እግር ዘጠና ሁለት።
ኤርገኖ፤ ያው እንደ ወንድሙ።
ሙዘይን፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ሎተሪ የተሸከመበት።
ጉታ፤ ሜትር ሲነካው ይስቃል፤ ልኩ አልተያዘም፤ በግምት።
ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ሰባ አምስት ሳንቲም።
«ስንመለስ» አሉ። ዱቤ ጻፍኩ።

ደግፌ መጨረሻ መጣ። «አሥራ ስምንት ነኝ» ብሏል ለጸሐፊው፤
ጢሙን በከሰል ማጥቆሩን አየሁ፤ ጸሐፊውም አይቶ ነው ያለፈው።
ሱሪውን አጥልቆ ቆመ። መቀሴን ሳነሳ እጄን ያዘው፦
«ጋሼ፣ አትቁረጠው። እጠፈው።
ገና አድጋለሁ።»

አራት ጣት አጥፌ ሰፋሁለት፣
በሰፋፊው፣ ሲፈታ እንዳያስቸግር።

ሲሳፈሩ እግር እግራቸውን አየሁ፤ አንድም ሱሪ አልተጎተተም፤
ከዚያ ወዲህ በእጄ ሥራ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።
ካሚዮኑ ይዟቸው ወረደ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፤
ለገሃር እስኪታጠፉ ዘፈናቸው ይሰማል።

ምሥራቅ ነው አሉ። ደረቅ ወንዝ። አንዲት ሌሊት በቃቻቸው።
ሬድዮ ድሉን ሲያወራ አልተጠራም ስማቸው።
መርዶ በጎረቤት ነው ወጉ፤ ጎረቤት ሁሉ ሲመታ፣
ማን የማንን ደጅ ሊያንኳኳ ንጋት ላይ ከቤቱ ይውጣ?
እድሩ ያለው አንድ ድንኳን፤ ከየቱ ደጅ ይተከል?
ሦስት ቀን ተከራክረው ተከሉት መንገዱ መሀል።

ከመኪናዬ ሥር፣ በጆንያ፣ የቆረጥኩት ካኪ ነበር።
መጀመሪያ እትዬ ሸዋረጋ መጡ። «የልጄ የትኛው ነው?»
ካኪ ካኪ ነው፤ ማን ይለያል? አገላብጬ፣ እንደሚያውቅ ሰው፣
አንዱን መዝዤ ሰጠኋቸው።
በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።
ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ።
ጉታን የወለደችው ሁለት ጠየቀች፤ ሁለት ሰጠኋት።

የደግፌ እናት ስትመጣ ግን
ውሸቱ ካፌ አልወጣም።
የሱን አልቆረጥኩም፤ ሁሉንም ይዞ ሄዷል፤
ለኔ ምንም አላስቀረም።

ዘንድሮ ሰፈሩ ፈረሰ። ደረጃዬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤
መብራት አለው፣ አበባ አለው፣ ማታ ማታ ልጅ ይነዳል።
ስም ያለበት ድንጋይ የለም። ፈልጌም አላውቅ።
አንዳንዴ እዚያ ስቆም ዘበኛው «አባባ፣ ምን ጠፋዎት?» ይለኛል።

ደብተሩ ከኔ ጋር ነው። የመኪና ዘይት ጠጥቶ ወዝቷል።
አንድም ስም አልሰረዝኩም፤
ዱቤ የሚሰረዘው ሲከፈል ነው።
የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦
ደግፌ፤ እግር ዘጠና አራት፤ እጥፋት አራት ጣት፤
ቀሪ ሰባ አምስት ሳንቲም።